«አንቺን አይቼ ነው ያመንኩት»

ግንቦት 2016 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ልብስ እያሰጣሁ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ከሁለት ዓመት በፊት እኛ ግዢ ክፍል ለሦስት ወር የተለማመደች ልጅ ናት። ፕሮፎርማ ስትሰበስብ ማኅተሙ ከድርጅቱ ስም ጋር መግጠሙን ሳታይ የማትቀበል ጠንቃቃ ልጅ ነበረች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ የአንድ ሰው ስም ጠራችና «ታውቂዋለሽ አይደል?» አለችኝ። ስሙ ምንም አላስታወሰኝም። «ማን ነው እሱ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ሊንክድኢን ላይ አብራችሁ ናችሁ እኮ። እኔ አንቺን አይቼ ነው ያመንኩት» አለች።

ሰውየው ዱባይ ውስጥ ላለ የጭነት ኩባንያ ሠራተኛ የምቀጥር ነኝ ይላል። ሰዎች በሥራቸው በሚተዋወቁበት በዚያ የኢንተርኔት መድረክ፣ በሊንክድኢን፣ ኮኔክት እንድታደርገው፣ ማለትም ከምታውቃቸው ሰዎች ዝርዝር እንድታስገባው፣ ጥያቄ ይልክላታል። ፕሮፋይሉን ስትከፍት ሁለታችሁንም የሚያውቁ ሰዎች ከሚለው ቦታ ላይ የእኔ ፎቶ አለ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ? ተቀበለችው። በማግሥቱ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሰው እንፈልጋለን አላት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቴሌግራም እንሂድ አለ። ቃለ መጠይቅ ያላት ነገር በጽሑፍ ነበር፤ ድምፁንም ፊቱንም አላየችም። ከሳምንት በኋላ ደመወዙ በድርሃም የተጻፈበት ባለማኅተም የቅጥር ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤው ጋር ደግሞ «የቪዛ ማስኬጃ» የሚል 23,500 ብር። እናቷ እቁብ ደርሷቸው ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጡት ብር ነበር። ላከችው። ሁለት ቀን ቆይቶ ሌላ 15,000 ሲጠይቃት ነው ለእኔ የደወለችው።

ልብሱን ትቼ ቁጭ አልኩ። ስልኬን ከፍቼ ስፈልገው እውነትም አለ። ጥያቄውን ከተቀበልኩት አምስት ሳምንት ሆኖኛል። መቼ፣ የት ቦታ ሆኜ እንደተቀበልኩት ለማስታወስ ብሞክር አንዳች ነገር አልመጣልኝም። ምናልባት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይሆናል።

ፕሮፋይሉን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት። ሊንክድኢን ላይ የሰውየው ስም አጠገብ ያለውን ሦስት ነጥብ ስትነኩ ስለዚህ ፕሮፋይል የሚል ነገር ይመጣል፤ አካውንቱ መቼ እንደተከፈተና ፎቶው መቼ እንደተቀየረ እዚያ ይታያል። ስምንት ዓመት ዱባይ ሠርቻለሁ የሚለው ሰው አካውንቱን የከፈተው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የጻፈው አንድም ነገር የለም። ሰው የሰጠው አስተያየት የለም። ሠራሁበት የሚለውን ኩባንያ ገጽ ከፍቼ የሠራተኞቹን ዝርዝር ሳይ ከእሱ ጋር የተገናኘ አንድ የሥራ ባልደረባ እንኳ አላገኘሁም፤ የተገናኘው በሙሉ ከእኛ ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ነው። ይህን ሁሉ ለማየት አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከአምስት ሳምንት በፊት አራቱን ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ለምን እንደተቀበልኩት ገባኝ። ከሰውየው ጋር የጋራ የምናውቃቸው ከሚለው ሥር በጣም የማከብራቸው የቀድሞ አለቃዬ አሉበት። እሳቸውን አይቼ ነው። ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ እኔም አላውቀውም» አሉኝ በድንጋጤ። «እዚያ ውስጥ ያንን የፋይናንሱን ልጅ አይቼ የእኛ ሰው መስሎኝ ነው።» የፋይናንሱን ልጅ ጠየቅኩት። ጥያቄ ሲመጣለት ሁሉንም እየነካ እንደሚያሳልፍ፣ ማን ማን እንደሆነ እንደማያስታውስ ነገረኝ። ከእኔ በኋላ የተቀበሉትን ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቅ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ «አንቺ ስላለሽበት።»

አንዳችንም የማናውቀው ሰው፣ አንዳችን በሌላችን ላይ ተማምነን፣ ወደ አንዲት ሥራ ፈላጊ ልጅ ቤት አስገባነው። መነሻው ላይ አንድም የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ብሩ አልተመለሰም። ለፖሊስ አመልክታለች፣ እኔም አካውንቱን ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ የማውቃቸውን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ፤ አካውንቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ጠፋ። እዚህ ላይ ሥራ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልናገር። ገና በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ወደ ውጭ ሰው የሚልክ ኤጀንሲም ከመንግሥት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ማጣራት ይቻላል። ስለዚህ ለቪዛ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው የማንም ፎቶ አጠገቡ ቢኖር፣ የእኔም ቢሆን፣ አትክፈሉ።

ሊንክድኢን የገባሁት በ2008 ዓ.ም ነው። ያኔ የሥራ ማስታወቂያ ለማየት አራት ኪሎ ቦርድ ሥር ቆሞ ማንበብ፣ ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣን ማገላበጥ ነበር የለመድኩት። አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ኔትወርካችሁን አስፉ፣ የመጣውን ሁሉ ተቀበሉ፣ ቁጥሩ ከ500 ካላለፈ ቀጣሪ ዞር ብሎ አያያችሁም» አለን። አመንኩት። እስከ 500 ድረስ ትክክለኛው ቁጥር ይታያል፤ ከዚያ በኋላ 500+ ይላል። 501 ሰው ያለውም፣ የመጨረሻው ገደብ የሆነውን 30,000 የሞላውም ለሚያይ ሰው አንድ ነው። እኔ 500 ስደርስ አላቆምኩም፤ ልጅቷ በደወለችበት ቀን 1,940 ሰው ነበረኝ።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ደመወዝተኛ በመሆኑ ሰፈር ውስጥ ሥራ ያገኘ ልጅ ሁሉ ተያዥ ሁነኝ ብሎ ይመጣበት ነበር። ገንዘብ ያዥነት፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌርነት፤ ያለ ዋስ የሚገባበት ሥራ አልነበረም። አባቴ እምቢ አይልም፤ ግን ወዲያው አይፈርምም። «እሑድ ቤታችሁ ቡና እጠጣለሁ» ይላል። ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ከእናትየው ጋር ያወራል፣ ልጁ ለታናናሾቹ እንዴት እንደሚናገር ያያል። ሰኞ ይፈርማል፣ ወይም «አልቻልኩም» ይላል። እናቴ አንድ ጊዜ «ሰው ይቀየምሃል» ስትለው «ፊርማዬ ላይ የእናንተም እንጀራ አለ» ብሎ እንደመለሰላት አስታውሳለሁ።

ያን ቅዳሜ ማታ የመጣብኝ ይህ ነው። እኔ 1,940 ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ የአንዱንም ቤት ቡና አልጠጣሁም። በእርግጥ ሊንክድኢን ላይ አንድን ሰው መቀበል በሕግ ዋስ መሆን አይደለም። ፕሮፋይሉን የምታይ ሥራ ፈላጊ ግን እንደዚያ ነው የምታነበው፤ እኔም የአለቃዬን ፎቶ እንደዚያ ነው ያነበብኩት። ዝርዝሬን ደብቄው ቢሆን ልጅቷ ባልተጎዳች ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዝርዝርን ከሌሎች መሰወር ይቻላል፣ የጋራ የሆኑት ሰዎች ግን ያኔም ይታያሉ። ልጅቷና ሰውየው ሁለቱም ከእኔ ጋር ስለነበሩ መሃላቸው ቆሜ መታየቴ አይቀርም ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ ማጣራት ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦ ነገ አንዲት ልጅ ደውላ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ብትለኝ ምን እላታለሁ? አውቀዋለሁ የምል ከሆነ ይቆያል። አላውቀውም፣ ግን እከሌ የሚባል ቦታ አብረን ሠርተናል ወይም ጽሑፉን ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬያለሁ የምል ከሆነም ይቆያል። እንዴት እንደገባ እንኳ የማላውቅ ከሆነ ይወጣል። ሲወጣ ለሰውየው መልእክት አይደርሰውም፤ ይህን ማወቄ እጄን አቀለለልኝ።

እጄ በጣም ቀልሎ ግን አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ሱፐርቫይዘር የነበረ ሰው ስሙን በእንግሊዝኛ ለውጦ ስለጻፈው አላወቅኩትምና አወጣሁት። ከዓመታት በፊት የጻፈልኝ የምስክርነት ቃል አብሮ ጠፋ። አንድን ሰው ስታስወጡ በመካከላችሁ የነበረው ምስክርነትና የችሎታ ድጋፍ ሁሉ ይነሳል፤ ተመልሳችሁ ብትገናኙም አይመለስም። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አዲስ ለመጻፍ ጊዜ እንደሌለው ነገረኝ፣ አልፈረድኩበትም። ስለዚህ ከማስወጣታችሁ በፊት ፕሮፋይላችሁ ላይ ማን ምስክርነት እንደጻፈላችሁ አይታችሁ ጀምሩ።

ሥራው አራት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ወሰደብኝ። 1,940 የነበረው 730 ሆነ።

አሁን ወደ ሌላው ጎን ልምጣ። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ብዙ ሰዎች «እንግዲህ የማላውቀውን ሰው በጭራሽ አልቀበልም» ይሉኛልና። እኔ እንደዚያ አልልም፤ ዛሬ የምሠራበትን ሥራ ያገኘሁት በደንብ በማላውቀው ሰው ነውና።

ኅዳር 2011 ላይ አዳማ የሦስት ቀን የግምጃ ቤት አያያዝ ሥልጠና ነበረን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፋርማሲስት ነው፤ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በቡድን ሥራው ላይ ተከራከርን። እኔ ከለመድኩት ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ አልኩ፤ እሱ መድኃኒት ላይ ይህ አይሠራም፣ ማብቂያ ቀኑ የቀረበው ነው ቀድሞ መውጣት ያለበት አለኝ። መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ክርክሩን ቀጠልን። እሱ ልክ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ሊንክድኢን ላይ ጥያቄ ላከልኝ፣ «ከአዳማው ክርክር» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ተቀበልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ጥር 2013 ላይ አንድ መልእክት መጣልኝ፦ «ስለ ማብቂያ ቀን የተከራከርሽኝ አንቺ ነሽ አይደል? የጤና አቅርቦት የሚሠራ አንድ ድርጅት የግዢ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ማስታወቂያው ሰኞ ይወጣል፣ ተዘጋጂ።» ተወዳደርኩ፣ ፈተናውን ተፈተንኩ፣ ገባሁ። ሰውየው እዚያ አይሠራም፤ ማንንም አላናገረልኝም። ሰኞ እንደሚወጣ ብቻ ነው የነገረኝ።

የቅርብ ጓደኞቼ ይህን ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር። እነሱ የሚያውቁትን እኔም አውቀዋለሁ፤ ቢሮአችን አንድ፣ ሻይ ቤታችን አንድ፣ የቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው። በሚያውቁት ሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ 54 ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ያንን ሰው ዘወትር ያገኘው የነበረው ከመቶ 16.7 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ 55.6ቱ አልፎ አልፎ፣ 27.8ቱ ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሊንክድኢን ላይ 20 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ጥናት ታትሟል። እሱም ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዱት የልብ ወዳጆች ሳይሆኑ በመጠኑ የሚተዋወቁ ሰዎች መሆናቸውን አገኘ። በመጠኑ የሚለው ቃል ላይ ቆሜ ብዙ አስቤያለሁ። ፋርማሲስቱን በመጠኑ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ስለ እሱ ብትጠይቀኝ ኖሮ «ስለ መጋዘን የሚያውቅ፣ የሚያምንበትን የሚከራከር ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ አላውቅም» ብዬ እመልስላት ነበር። የዱባዩን ሰው ግን በመጠኑም አላውቀውም። የሦስት ቀን ትውውቅ ቢሆንም መነሻ ያለውና መነሻ የሌለው ሰው በጣም ይለያያሉ።

ስለዚህ አሁን ጥያቄ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው መነሻውን ነው። የት ተገናኘን? ምን አብረን ሠራን? ካልተገናኘን ምን ፈልጎ ነው? መልእክት ጽፎበት ከሆነ ሳልቀበለው በፊት መመለስ ስለምችል «ሰላም፣ ስላገኙኝ አመሰግናለሁ። የት እንደተዋወቅን ላስታውስ አልቻልኩም፣ ቢያስታውሱኝ?» እላለሁ። እውነተኛ ሰው በዚህ አይቀየምም። ብዙዎቹ በደስታ ነው የሚመልሱት፤ «እርስዎ የሰጡትን ገለጻ ሰምቼ ነው»፣ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ባች ነበርን» ይላሉ። ምንም ያልጻፈበትን ደግሞ የጋራ የምናውቀውን አንድ ሰው መርጬ እጠይቃለሁ፤ ፎቶውን አይቼ አላልፍም፣ እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ብቻ ማንበብ ለምፈልገው ሰው ፎሎው ይበቃል። ለዓመታት አላስተዋልኩትም እንጂ የሚጽፈውን ለማየት መቆራኘት አያስፈልግም።

በሙያዬ ግን ከሁሉ የከበደኝ የአቅራቢዎች ጉዳይ ነው፤ ግዢ ላይ የምትሠሩ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በ2015 ዓ.ም የጄኔሬተር ጨረታ አውጥተን ነበር። ሰነድ ተከፍቶ ግምገማው ላይ እያለን ከተጫራቾቹ የአንዱ የሽያጭ ኃላፊ ሊንክድኢን ላይ ጥያቄ ላከልኝ። ስሙንም ድርጅቱንም ልብ ሳልል ተቀበልኩት። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ውጤቱ ከመገለጹ በፊት ሌላው ተጫራች ቅሬታ አስገባ፤ ከደብዳቤው ጋር የእኔና የሽያጭ ኃላፊው መገናኘት የሚታይበት ስክሪንሾት አያይዟል። አለቃዬ ጠርታኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «አላውቀውም» ብላት ታዲያ ለምን ተቀበልሽው ልትለኝ ነው፤ «አውቀዋለሁ» ብላት ደግሞ የባሰ ነው። ከግምገማ ኮሚቴው ወጣሁ፣ ግምገማው በሌላ ሰው እንደ አዲስ ተሠራ፣ ጄኔሬተሩም ዘገየ። ጤና ጣቢያ ነበር የሚጠብቀው። ምንም ጥፋት አልተገኘብኝም፤ ይሁን እንጂ ቅሬታ ያቀረበው ሰው ላይ አልፈርድም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የጨረታ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ውል እስኪፈረም ድረስ በዚያ ዘርፍ ካለ ማንም ሰው ጥያቄ አልቀበልም። ለሚጽፉልኝ በአክብሮት እመልሳለሁ፦ «ጨረታው ክፍት ስለሆነ በዚህ በኩል ልገናኝዎ አልችልም። ጥያቄ ካለዎት በጨረታ ሰነዱ ላይ ባለው አድራሻ በጽሑፍ ያቅርቡ።» ድሮ የማውቀው ሰው ተጫራች ሆኖ ከመጣ ደግሞ ፖስታው ሳይከፈት ለኮሚቴው አስቀድሜ እናገራለሁ። ሌላም አለ። ካልቀየራችሁት በቀር የተቀበላችሁት ሰው የኢሜይል አድራሻችሁን ያየዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት የግል ኢሜይሌ በአቅራቢዎች ካታሎግ ከተጥለቀለቀ በኋላ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ለራሴ ብቻ እንዲታይ አድርጌዋለሁ፤ እናንተም አድርጉት።

ዘመድ ይከተላል። የአጎቴ ልጅ መኪና ይሸጣል ይገዛል፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ በሥራው ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ጥያቄውን ሳልመልስ ሁለት ወር ቆየ። ጥያቄን ዝም ብሎ ማለፍ ለላኪው አይነገርም፤ ግን የላከ ሰው ምላሽ እንዳጣ ያውቃል። ፋሲካ ላይ እናትየው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ልጄ ምን በድሎሽ ነው ኢንተርኔት ላይ የከለከልሽው?» አለችኝ። ፊቴ ቀላ። ይሉኝታ እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፤ ስልኬን አውጥቼ እዚያው ልቀበለው ቃጥቶኝ ነበር። እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና «እትዬ፣ እዚያ ቦታ መግባት ተያዥ እንደመሆን ነው። ወንድሜ ነው፤ ለመኪና ግን ተያዥ ልሆን አልችልም፣ ስለ መኪና አላውቅማ» አልኳት። ተያዥ የሚለው ቃል ወዲያው ገባት። አባቴን ታውቀዋለቻ። «እሱን ነው የወጣሽው» ብላ ጉርሻ አጎረሰችኝ።

ሴቶች የምትሆኑ ይህንንም ታውቁታላችሁ፤ ሥራ የሚል ፕሮፋይል ይዞ፣ ከተቀበልሽው በኋላ ማታ አራት ሰዓት ላይ «ፎቶሽ ያምራል» የሚል አለ። እዚህ ላይ አልመክርም አልዘክርም፣ አንድ መልእክት ይበቃኛል፤ አወጣዋለሁ። ጨዋነት ላልጎደለው ሰው የሚገባውን ትዕግሥት ለዚህ አልሰጥም።

ተማሪዎችንና አዲስ ተመራቂዎችን ግን በጣም እወዳለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፣ ምን ፈልገው እንደመጡ እንዲጽፉ። «ሥራ ካለ» ለሚለኝ የምለው ነገር የለኝም። «ዘንድሮ ከሎጂስቲክስ ተመረቅኩ፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የግዢ ፈተና ምን ምን ላይ እንደሚያተኩር ቢነግሩኝ» ለሚለኝ ግን ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ተቀብዬው ዓመት ቆይቶ ምስክር ሁኚልኝ ቢለኝም መነሻውን አውቃለሁ።

እኔም ለሰው ጥያቄ በምልክበት ጊዜ እንደዚሁ እጽፋለሁ። ነጻ አካውንት ላላቸው ማስታወሻ ጽፎ መላክ በወር ለጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሆነ እመርጣለሁ፤ መምረጤም ጠቅሞኛል። በቅርቡ ለአንድ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) የላክሁት ይህን ነበር፦ «ሰላም አቶ እንዲህ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲቆይ ዲመሬጅ እንዴት እንደሚታሰብ የጻፉትን አነበብኩ። የሕክምና ዕቃ ስለማስመጣ በየጊዜው ይገጥመኛል። ቢፈቅዱ ልከታተልዎና አንዳንዴ ልጠይቅዎ።» በሁለተኛው ቀን ተቀበሉኝ፤ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ በድምፅ አሥር ደቂቃ አስረዱኝ። ምላሽ ካልመጣ ደግሞ አልጨቀጭቅም። የላካችሁትን ጥያቄ ካነሳችሁት ለዚያው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት እንደምትጠብቁ እወቁ፤ ስለዚህ ተጣድፋችሁ አታንሱት።

ልጅቷ ዘንድሮ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ያገኘችው በማስታወቂያ ነው፣ እኔ አልረዳኋትም። ለእናቷ ብር በየወሩ ትመልሳለች። የማታውቀው ሰው ጥያቄ ሲልክላት ስክሪንሾት አንስታ ትልክልኝና «ተያዥ ትሆኝለታለሽ?» ትለኛለች። አብዛኛውን ጊዜ አይ እላታለሁ።

ዛሬ ማታ እኔ ጋ አራት ጥያቄ ተቀምጧል። አንዷ ጎንደር የምትሠራ ነርስ ናት፤ የክትባት ማቀዝቀዣ ስናከፋፍል በስልክ ስንጨቃጨቅ የነበርነው እኛ ነን፤ ወዲያው ተቀበልኳት። አንዱ የቢሮ ዕቃ ሻጭ ነው፤ የጠረጴዛ ጨረታችን እስኪያልቅ ይጠብቅ ዘንድ ጽፌለታለሁ። አንዱ ፎቶም ሥራም የለው፣ አለፍኩት። አራተኛው ናይሮቢ ነው የምሠራው ይላል፤ የጋራ ከምናውቃቸው ሰዎች ውስጥ የቀድሞ አለቃዬ አሉ። ደወልኩላቸው። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልየው» አሉና መነጽራቸውን ሲፈልጉ ተሰማኝ።